ከጓሯችን የተማርነው

«አትክልት መትከል ደግሞ ምን ትምህርት ይጠይቃል? መሬቱን መቆፈር፣ ዘሩን መበተንና ውሃ ማጠጣት ነው እንጂ!»

ይህን ያልነው እኛው ነን። አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት መምህራን ስንሆን፣ ባለፈው ዓመት መስቀል እንዳለፈ ዶማና አካፋ ተውሰን ወደ ጓሮ ስንወጣ በአፋችን የነበረው ቃል ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልፏል። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ጓሮው እኛን ተማሪ አድርጎ፣ አንዳንዴ አስቆን፣ አንዳንዴ አሳፍሮን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ አስደንግጦን ብዙ ነገር አስተምሮናል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በተለይም ነገ በየወረዳው ተመድባችሁ ጓሮ ያለው ቤት የምትከራዩ እጩ መምህራን፣ እኛን ያደናቀፈን ድንጋይ እናንተን እንዳያደናቅፋችሁ በማሰብ የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ ከነምክንያቱ ልናቀርብላችሁ ወደናል።

አጀማመራችን

የግቢያችን ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሁላችንም እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። ከቤቱ ጀርባ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሚሆን ሰርዶ የወረሰው ባዶ ቦታ ነበራቸው። «እማማ፣ ይህችን ቦታ ይፍቀዱልንና ጎመን እንትከልባት» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ቦታስ ሞልቷል፤ የሚጠፋው የሚጠብቀው ሰው ነው» አሉን። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባንም።

በሁለት ቅዳሜ ቦታውን ቆፍረን ጨረስን። እጃችን ውሃ ቋጠረ፤ ወገባችንም አልታዘዝ አለ፤ ግን ደስ አለን። ሰርዶውን በዶማ እየከተከትን ከአፈሩ ጋር ቀላቀልነው። «ይበሰብስና ማዳበሪያ ይሆናል» ብለን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጓሮው ከበፊቱ ይልቅ ሰርዶ በሰርዶ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰርዶ ግንድ ከመሬት በታችም ሆነ በላይ እየተሳበ የሚሄድ ሲሆን፣ በየአንጓው ላይ ሥርና ቡቃያ ማውጣት ይችላል። አንዱን ግንድ አሥር ቦታ የቆረጠ ሰው አሥር ሰርዶ ተከለ ማለት ነው። ስለዚህ ሰርዶ ያለበትን መሬት የምትቆፍሩ ሁሉ አትክትፉት። በመንሽ ወይም በእጅ ከነሥሩ እየሳባችሁ ለቅማችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

ሁለተኛው ስሕተታችን መደብ አለማውጣታችን ነበር። ዘሩን በሰፊው ሜዳ ላይ በትነን ለማረምም ለማጠጣትም እየገባን ስንረግጠው አፈሩ እንደ አውድማ ጠነከረ። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። በእግር የተጠቀጠቀ አፈር ደግሞ አየር የሚይዝባቸውን ቀዳዳዎች ያጣል። በኋላ እንደተረዳነው፣ መደቡ ወርዱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ሣንቲ ሜትር ቢሆንና በመካከሉ እግር የሚያስገባ መተላለፊያ ቢተውለት፣ ከሁለቱም ወገን እጅን ዘርግቶ መሐሉን ለመድረስ ይቻላል። እግር የሚያርፈውም በመተላለፊያው ላይ ብቻ ይሆናል።

ያልበቀለው ሽንኩርት

መደቡን አበጅተን እንደገና ስንጀምር የሽንኩርት ዘር ከገበያ በሲኒ ለክተን ገዛን። ዘራን፣ አጠጣን፣ ጠበቅን። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት! ከአረም በስተቀር የበቀለ ነገር የለም። መጀመሪያ ጉንዳን ለቅሞት ይሆናል አልን። ቀጥለን እርስ በርሳችን «አንተ ነህ በጥልቁ የቀበርከው» ተባባልን።

ጥፋቱ ግን የዘሩ ነበር። ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ያረጃል፤ ይሞታልም። የሁሉም ዕድሜ እኩል አይደለም። የሽንኩርት ዘር ከአትክልት ዘሮች ሁሉ ቶሎ ከሚያረጁት አንዱ ሲሆን፣ በተራ አቀማመጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛው አይበቅልም። የቲማቲምና የጎመን ዘር ግን በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ከሦስት ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሞተውን ከሕያው በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ከመዝራት በፊት መፈተን ነው። 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ እየረጫችሁ ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ፈታችሁ የበቀለውን ቁጠሩ። ከ20ው 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው። 10 ያህል ብቻ ከበቀለ አጠጋግታችሁ መዝራት ይኖርባችኋል። 4 ወይም 5 ብቻ ከሆነ ግን መደቡንም፣ ውሃውንም፣ ጉልበታችሁንም አታባክኑ። ይህን ፈተና እኛ ብናውቀው ኖሮ አንድ ወር ባላጠፋን ነበር።

ያልበሰለ ፍግ

ከሽንኩርቱ ይልቅ ያሳፈረን የጎመኑ ነገር ነው። ጎመኑ በቅሎ አራት አራት ቅጠል እንዳወጣ «እስቲ እናፋጥነው» ብለን ከጎረቤት የዶሮ ኩስ በጆንያ አመጣንና ትኩሱን በየችግኙ ሥር ክምር ክምር አድርገን አለበስነው። እማማ በበራቸው ቆመው ያዩ ነበርና «እናንተ ልጆች፣ እሱ እኮ አልበሰለም!» አሉን። «የሚበላ ነው እንዴ እማማ የሚበስለው?» ብለን ሳቅን። በአምስተኛው ቀን የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ቅጠሉ ከዳር ዳር ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎም እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ።

የሆነው ይህ ነው። ትኩስ የእንስሳት ፍግ፣ ከሁሉም ይልቅ የዶሮ ኩስ፣ በናይትሮጅን እጅግ የበለጸገ ነው። ናይትሮጅን የቅጠል ምግብ ቢሆንም ባንድ ጊዜ ሲበዛ አሞኒያ የተባለው ጋዝ ለጋውን ሥር ይጎዳል። በፍጉ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ሥሩ ውሃ እንዳይስብ ያግደዋል። ውሃ በሞላበት መደብ ላይ ችግኙ የተጠማ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ትኩስ ፍግ የአረም ዘርና የሆድ በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይዞ ይመጣል።

ገበሬው «የበሰለ» የሚለው የተብላላውን ፍግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥላ ባለበት ቦታ ደረቅ ሣርና ገለባ፣ በላዩ ለምለም ቅጠልና የወጥ ቤት ጥራጊ፣ በላዩ ፍግ፣ በላዩ ጥቂት አፈር እያፈራረቁ ቁመቱ 1 ሜትር እስኪያልፍ ይከመራል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ብቻ የሚል መሆን አለበት። በመሐሉ ረዘም ያለ እንጨት ሰክታችሁ ከሳምንት በኋላ ብትመዝዙት ይፋጃል። ሙቀቱ የተሕዋስያኑ ሥራ ሲሆን ብዙውን የአረም ዘርም ይገድላል። እንጨቱ ከቀዘቀዘ ክምሩን መገልበጥ ያስፈልጋል። በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ከተገለበጠ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚልና የጫካ አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። ሽታው አሁንም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ አልበሰለም።

የኅዳር ሌሊት

ቲማቲማችን ሁለት ጊዜ ሞተ። መጀመሪያ የሞተው በመደቡ ላይ ገና ችግኝ ሳለ ነው። ዘሩን እጅግ አጠጋግተን ዘርተን ጠዋትም ማታም ስናጠጣው፣ አንድ ቀን ጠዋት ግማሹ ከአፈሩ አፍ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ተኝቶ ተገኘ። ይህ እርጥበት በበዛበትና አየር ባነሰበት መደብ ላይ የሚመጣ የሻጋታ ጠባይ ያለው በሽታ ነው። መድኃኒቱም አሳስቶ መዝራት፣ ጠዋት ብቻ ማጠጣትና ከላይ ያለውን ጥላ በየጊዜው እየገለጡ አየር ማስገባት ነው። እኛ ያልነው ግን «ውሃ አነሰው» ነበርና ውሃ ጨመርንለት!

ከዚያ የተረፉትን 30 ችግኞች ወደ መደብ አዛወርናቸው። ያዙልን። በየቀኑ ከሥራ ስንመለስ መጀመሪያ የምናየው እነሱን ሆነ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ማታ እማማ ሰማዩን አየት አድርገው «ዛሬ ነፋሱ ቆሟል፤ ሰማዩም ጠርቷል። ሌሊቱን አመዳይ ይጥላልና አልብሷቸው» አሉን። ቀኑ ፀሐይ ሲያቃጥል ስለዋለ አላመንንም። ጠዋት ስንነሣ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ቲማቲሞቹ የተቀቀለ ጎመን መስለው ተንጠልጥለዋል። ከ30ው የተረፉት 4 ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም በግድግዳው ጥግ የነበሩት ናቸው።

እማማ ያነበቡት መጽሐፍ የለም፤ ያሉት ግን ትክክለኛ ሳይንስ ነው። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይመልሳል፤ ነፋስ ካለም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ይቀላቅላል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲቆም ግን የሚከለክል የለምና ብርዱ ከመሬት ላይ ይተኛል፤ ከባድ በመሆኑም ወደ ረባዳው ቦታ ይወርዳል። በተክሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ሕዋሳቱን ይጎዳቸዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ቦታዎች ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ጥር ድረስ ይህ አደጋ መኖሩን ማሰብ ይገባል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶልያና ዱባ አይችሉትም፤ ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ግን ይቋቋሙታል። ማታ ገለባ ወይም ጆንያ ማልበስና ጠዋት መግለጥ፣ ከሰዓት በኋላም መደቡን ማጠጣት ይጠቅማል። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይዞ ያድራልና ነው። ግድግዳም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚሰጥ አራቱን ያዳነልን እሱ ነው።

ሱሪ የታጠቀው ካሮት

ካሮቱን በጥቅምት ዘርተን በየካቲት ነቀልን። የመጀመሪያውን ስንስብ ሁለት እግር አለው። ሁለተኛው ሦስት እግር፤ ሦስተኛው ደግሞ ሱሪ የታጠቀ ሽማግሌ መስሎ እግሩን አጣምሮ ወጣ። የቀሩትም ከጣት የማይበልጡ ቀጫጭኖች ነበሩ። እስክንደክም ሳቅን፤ ምክንያቱን ግን መፈለግ ነበረብን።

የካሮት ሥር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ድንጋይ፣ ጓል ወይም ያልተብላላ ፍግ ሲያጋጥመው ጫፉ ይጎዳና ይከፈላል። እኛ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነበር የቆፈርነው። የቀጠኑት ደግሞ ስላላሳሳናቸው ነው። የካሮት ዘር ደቃቅ በመሆኑ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በመሥመር መዝራት፣ ከበቀለም በኋላ በመካከላቸው ከ4 እስከ 5 ሣንቲ ሜትር እስኪቀር መንቀል ያስፈልጋል። የበቀለውን መንቀል ለጀማሪ ያሳዝናል። እኛም «እንዴት የሚያምር ቡቃያ ይነቀላል?» ብለን ራራን። ለሁሉም የራራ ገበሬ ሁሉንም ይጎዳል። ደግሞም ካሮት እንደ ጎመን ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይወድም፤ በተዘራበት ማደግ አለበት።

ዶሮ፣ ትልና ክሽክሽ

የጎረቤታችን ዶሮዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ገብተው የሰላጣውን መደብ ጫሩት። ከጎረቤታችን ጋር ሁለት ቀን ሰላምታ ተነፋፈግን። እማማ ናቸው በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልተው ያስታረቁን። «ዶሮ ምን ታድርግ? የተኮተኮተ መሬት ስታይ የተጠራች ይመስላታል። አጥሩ የማን ነው?» አሉን። አጥሩ የእኛ ነበረ፤ እሾህ አመጣንና አጠርን። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ፍግ ይሰጡናል፤ እኛ ጎመን እንሰጣቸዋለን።

ቆራጭ ትል ሌሊት እየወጣ የችግኙን አንገት ይቆርጣል። ይህን ለመያዝ ማለዳ ተነሥቶ በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት መጫር ነው። ተጠቅልሎ የተኛ ወፍራም ትል ይገኛል። በችግኙ አንገት ዙሪያ 3 ሣንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር የገባ የወረቀት ቀለበት ማድረግም ይከላከላል።

ከሁሉም የበረታብን ግን ክሽክሽ ነው። በመጋቢት፣ ድርቁ ሲበረታ፣ የጎመኑ ቅጠል በውስጥ በኩል ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ዱቄት የመሰለው የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጠ በየቀኑ የሚራባ ትንሽ ነፍሳት ነው። እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ ስናስበው የምንደነግጥበትን ስሕተት የሠራነው።

የለስላሳው ጠርሙስ

ከገበያ «የተባይ መድኃኒት» የሚባል ፈሳሽ ገዛን። ነጋዴው ከትልቅ ዕቃ ቀንሶ በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ሞላልንና በወረቀት ወተፈልን። ስሙን አልጠየቅንም፤ እሱም አልነገረን። ጎመኑን ረጨንና የተረፈውን ከጓሮ በር አጠገብ ካለው መስኮት ላይ አስቀመጥነው።

እማማ የአምስት ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሮጥ ውሎ ጠምቶት መጣ። በመስኮቱ ላይ የለስላሳ ጠርሙስ አየ። ሕፃን ልጅ የለስላሳ ጠርሙስ ሲያይ ሌላ ምን ያስባል? ውታፉን ነቅሎ ወደ አፉ ሲያስጠጋ እማማ በበሩ ብቅ አሉ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ይሮጣሉ ብለን አስበን አናውቅም። እጁን መቱና ጠርሙሱ ወደቀ። ፈሳሹ በእጁና በልብሱ ላይ ፈሰሰ። ልብሱን አውልቀን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብነው፤ ተሸክመንም ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን።

የጤና ባለሙያዋ የመጀመሪያ ጥያቄ «የመድኃኒቱ ስም ማን ነው?» የሚል ነበር። ሦስታችንም መምህራን ነን፤ ሦስታችንም ዝም አልን። ከክፍል ፊት ቆመን ስንት ነገር የምናስተምር ሰዎች በገዛ እጃችን ቤት ያስገባነውን መርዝ ስም አላወቅንም። ልጁ አልዋጠም ኖሮ እስከ ማታ ድረስ ሲጠብቁት ምንም ስላልታየበት ደኅና ሆኖ ተመለሰ። እማማ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገሩንም። ከተቆጡን ይልቅ ዝምታቸው ከበደን።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የተባይ መርዝን በምግብም ሆነ በመጠጥ ዕቃ ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ተቀንሶ የሚሸጥም አትግዙ። መለያ ጽሑፍ የሌለው መርዝ ለሐኪምም ጨለማ ነው።

ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የአትክልት ተባይ መርዞች በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባሉ። ማላታዮንን የመሰሉት ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት መርዞች ነርቭን ይጎዳሉ። ምልክታቸውም የምራቅና የላብ መብዛት፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና ትንፋሽ ማጠር ነው። አደጋ ሲደርስ የነካውን ልብስ አውልቆ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ እንዲያስታውክ አለማስገደድ፣ መርዙ የነበረበትን ዕቃ ይዞ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መርዝ ከተረጨ በኋላ አትክልቱ ሳይበላ የሚቆይበት የቀን ብዛት አለው፤ በዕቃው ላይም ይጻፋል። እኛ ስሙንም ስለማናውቅ ቀኑን ልናውቅ አልቻልንም። በመጋቢት ለምለሙን ጎመን በሙሉ ነቅለን ቀበርነው። ለአንድ ወር ወጥ የሚሆነን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለክሽክሽ የምንጠቀመው ሳሙና ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠን ማታ ማታ በቅጠሉ ውስጥ በኩል እናርከፈክፋለን። መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረን እንዳላቃጠለው እናያለን። የተጠቃውን ቅጠል ገና ጥቂት ሳለ ቆርጦ ማስወገድም ይረዳል። ነጠብጣብ ያለባትን ቀይ ጢንዚዛ ካያችሁ ደግሞ አትግደሏት፤ ክሽክሽ በላተኛ ናትና ወዳጃችሁ ናት።

የነሐሴ ድንች

ክረምቱ ሲገባ ድንች ተከልን። በሐምሌ አበባው ጓሮውን አሳመረው። በነሐሴ ግን ዝናብና ጉም ለአንድ ሳምንት ሳያቋርጥ ቅጠሉ ከዳር ውሃ እንደነካው ሆነና ጠቆረ፤ ማለዳ ሲታይ በውስጥ በኩል ነጭ ሻጋታ አለው። በአሥር ቀን ውስጥ መደቡ ሁሉ ጠውልጎ ወደቀ።

ይህ በሽታ የዓለምን ታሪክ የለወጠ ነው። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ድንችን ያጠፋው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ በተከተለው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲያልቅ ከዚያ የማያንስ ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ብዙው ድሃ በድንች ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች ላይ ተማምኖ መኖሩ ጉዳቱን አባባሰው። ወደ አገራችን ድንችን በ1858 እ.ኤ.አ. ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እንደሆነ ይነገራል።

ቅጠሉ ከተመታ በኋላ ማዳን አስቸጋሪ ነው፤ ሥሩን ግን ማትረፍ ይቻላል። የታመመውን አገዳ ቆርጦ ከጓሮ ማውጣት፣ ከዚያም የድንቹ ልጣጭ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በደረቅ ቀን መቆፈር ነው። እኛ በዚህ ዘዴ ግማሹን አዳንን። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ በሽታውን የተሻለ እንዲቋቋሙ የተመረጡ እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎችን መፈለግ ይበጃል። ቲማቲም የድንች ዘመድ ስለሆነና በሽታውን ስለሚጋራ ጎን ለጎን አይተከል፤ ባንድ መደብ ላይም አይከታተሉ።

ደስታውስ?

እስካሁን የነገርናችሁ ሁሉ መከራ ብቻ ይመስላል። «ታዲያ ለምን አልተዋችሁትም?» የሚል አይጠፋም። ያልተውነው ደስታው ስለሚበልጥ ነው።

ጠዋት ፊታችንን ሳንታጠብ ጓሮ ገብተን ሌሊቱን ምን እንደበቀለ ማየት፣ ቃሪያ ቀጥፎ ወዲያው ከእንጀራ ጋር መቅመስ፣ እንግዳ ሲመጣ «ይህ ከጓሯችን ነው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ከተቀበረው ጎመን በኋላ በሚያዝያ አዲስ ተክለን፣ ከሰኔ ጀምሮ ጎመን የሚባል ነገር ገዝተን አናውቅም። የሐበሻ ጎመን መገኛው ይህችው አገራችን ስትሆን፣ ጠባዩም ደግ ነው። ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን ስትቀጥፉለት ከላይ እየጨመረ ይሰጣል፤ ባንድ ጊዜ ካልነቀላችሁት ወራት ይመግባል።

ለጤናም ያለው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እንደ ጎመንና ቆስጣ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች፣ ካሮትና ዱባ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር ይሰጡናል። ይህ ቫይታሚን ሲጎድል ነው ልጆች ሲመሽ ማየት የሚሳናቸው፤ ዳፍንት የምንለው ማለት ነው። ሰውነት በሚገባ እንዲወስደው ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ያስፈልገዋል። ጎመንን ብዙ ሰዓት ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ደግሞ ቫይታሚን ሲን መድፋት ነው። ጥሬ የሚበላውን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ በፍሳሽ ውሃም አለማጠጣት እንዳይረሳ።

ለእጩ መምህራን

የትምህርት ቤት ጓሮ ቤተ ሙከራ ነው። በዘር ፈተናው መቶኛን፣ በመደቡ ስፋትን፣ በአመዳዩ የሙቀትን ጠባይ ማስተማር ይቻላል። ሁለት ነገር ግን አደራ እንላለን። የጓሮ ሥራን ለጥፋተኛ ተማሪ ቅጣት አታድርጉት፤ በቅጣት የተኮተኮተ መሬት የሚያስተምረው መጥላትን ብቻ ነው። መርዝ ደግሞ ተማሪ ባለበት ጓሮ አይግባ።

የእማማ የልጅ ልጅ ዛሬ የራሱ መደብ አለው። ከክረምቱ በኋላ የቀይ ሥር ዘር ሰጠነውና ቆጥሮ 12 ዘራ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ! ጋሼ! አሥራ ሁለት ዘርቼ ሃያ ስድስት በቀለ!» መቁጠር አያውቅ ይሆናል ብለን አብረነው ብንቆጥር እውነቱን ነው። የቀይ ሥር «ዘር» የምንለው አብረው የተጣበቁ ፍሬዎች ስለሆነ ካንዱ ሁለትም ሦስትም ቡቃያ ይወጣል። ይህን ስናስረዳው «ታዲያ ትርፉ ይነቀላል?» ብሎ ጠየቀን። «አዎን፣ አንድ አንድ ብቻ ይቀራል» አልነው። ጥቂት አሰበና ትርፉን በጥንቃቄ እየነቀለ ባዶ ቦታ ላይ ተከለው። ቀይ ሥር ደግሞ እንደ ካሮት አይደለምና አብዛኛው ያዘለት።

እማማ በበራቸው ቆመው ያዩ ነበር። «የሚጠብቀው ሰው ተገኘ» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ከጓሯችሁ የተማራችሁት ነገር ቢኖር ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ስጡን። የተሳካውን ብቻ ሳይሆን የከሸፈውንም ጻፉልን።